በዳኛቸው ሕይወት ላይ የገባሁት ውል

ይህን ነገር እስከ ዘንድሮ ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኋትም፤ ሳትሰማ ዐረፈች። ለልጄ አልነገርኋትም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ዙሪያውን ዞርሁት እንጂ ወደ ውስጡ አልገባሁም። ዘንድሮ ግን ለአንድ ሰው ነገርሁት። ከእሱ ቀጥሎ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ፤ ከእናንተ ቀጥሎ ልጄ ትሰማለች። የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። እኔ የሚታዘንላት ሴት አይደለሁም፤ ያኔም አልነበርሁም። ያደረግሁትን እያወቅሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ እጄ ነው ያደረግሁት።

የፈታሁት ባሌ እንዲሞት ጠብቄአለሁ። እሱ ሳያውቅ የሕይወት መድን ገብቼበት፣ ሲሞት ገንዘቡ ለእኔ እንዲከፈል አድርጌ፣ ጠብቄአለሁ። ታሞ ወደ እኔ ሲመጣ ደግሞ ሕመሙ ምን እንደሆነ እያወቅሁ ደበቅሁት። አጭሩ ይኸው ነው። ረጅሙን ደግሞ ስሙኝ።

ስመኝ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እንጅባራ ነው፤ ትልልቆቹ ሰዎች እስከ ዛሬ ቆሰበር እያሉ የሚጠሯት ከተማ። የመድን ወኪል ነኝ። ደንበኛ ፈልጌ፣ አሳምኜ፣ አስፈርሜ፣ ከማመጣው ላይ ድርሻዬን እወስዳለሁ። የባጃጁም፣ የሚኒባሱም፣ የጭነት መኪናውም የሦስተኛ ወገን መድን በእኔ እጅ ያልፋል። ሥራዬን አውቀዋለሁ። ሰው ስለ ሞቱ ማውራት አይወድም፤ እኔ ግን ሳላስደነግጥ አወራዋለሁ። እንቢ ብሎኝ የሄደ ሰው በሳምንቱ ጋቢውን ደርቦ በሬን ሲያንኳኳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰዎች ያምኑኛል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዳኛቸውን የበደልሁት በዚሁ እምነት ነው።

ዳኛቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። አፉን የፈታው በአዊኛ ነው፤ አማርኛውን የተማረው ገበያና ጋራዥ ነው። ትምህርት ብዙ አልገፋም፤ ስሙን ይጽፋል፣ የመንገድ ምልክት ያነባል፣ ከዚያ ያለፈውን ለእኔ ያቀብለኛል። ረጅም ነው፣ ሳቁ ከሩቅ ይሰማል፣ መሪ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ አያወራም፣ አይቸኩልም። ስንጋባ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ልጃችን ብርቱካን ከተወለደች በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣ።

አባቴ ሲሞት ከመንገድ ዳር መሬት ተወልኝ። ዲከረንስ ተክዬበት ነበር። በእኛ አካባቢ ይህ ዛፍ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ደርሶ ሲቆረጥ ይከሰላል፣ ከሰሉ በመኪና አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ስንቱ ሰው ቤት የሠራበት ነው። ያን መሬት ከነዛፉ ሸጬ አይሱዙ ገዛንበት። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ዳኛቸው ከሰል እየጫነ ይሄዳል፣ ሲመለስ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይዞ ይመጣል። ለጥቂት ዓመታት እንደ እኛ ያለ ሰው አልነበረም።

ከሰሉ የሚከማቸው ዳንግላ ነበር። ዳንግላ ውስጥ ጥሩወርቅ የምትባል፣ ምግብ ቤት ያላት ልጅ ነበረች። እሱ እዚያ ይበላል፤ ከዚያ እዚያ ያድር ጀመር። ከተማው ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው እኔ ያወቅሁት። ስጠይቀው አልካደም። ዳኛቸው መዋሸት አይችልበትም፤ ከእኔ የሚለየው በዚህ ነው።

ሽማግሌ ገባ። "እሱ በመኪናው ይሥራ፣ አንቺም ከልጅሽ ጋር በቤትሽ ኑሪ" ብለው አካፈሉን፤ ፍርድ ቤትም አጸደቀው። ሁሉም ፍትሕ ነው አለ። እኔም ፈረምሁ። ግን ያ መኪና የአባቴ መሬት ነበር። ያ መኪና የእኔ ዛፍ ነበር። በቤቴ ፊት ለፊት ባለፈ ቁጥር ለብርቱካን ጥሩምባ ይነፋላት ነበር፤ እሷ እየሮጠች ትወጣለች፤ እኔ ደግሞ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ የአባቴን መሬት ወደ ሌላ ሴት ቤት ሲሄድ አያለሁ።

ከተፋታን በኋላም የመኪናውን መድን የሚያሳድሰው እኔው ዘንድ ነበር። ለምን ሌላ ወኪል አልፈለገም? ስለሚያምነኝ ነው። "ወረቀት ነገር ሲሆን አንቺ ነሽ" ይለኝ ነበር።

አንድ መስከረም እንደ ልማዱ መጣ። መኪናው ውጭ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል፤ ሊሄድ ቸኩሏል። ጣቴን ያሳረፍሁበት ቦታ ሁሉ ይፈርማል፤ ሳያነብ፣ ሳይጠይቅ። ከመኪናው ወረቀቶች መሐል የሕይወት መድን ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። እሱ ላይ ሲደርስ እጁን ገታ አደረገ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ሌላ ጊዜ አልነበረም።"

"የሹፌሩ ነው" አልሁት።

"ሹፌሩ እኔ አይደለሁ? በይ እሺ" አለና ሳቀ፤ ፈረመ።

አያችሁ? ውሸት እንኳ አልተናገርሁም። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሰው ስዋሽ በእውነት ነው የምዋሸው። እሱ ከሄደ በኋላ የቀረውን ሞላሁት። ዝምድና በሚለው ላይ ሚስት ብዬ ጻፍሁ። ሚስቱ አልነበርሁም። ገንዘቡ ለማን ይከፈል በሚለው ላይ የራሴን ስም ጻፍሁ። የጤናውን ጥያቄ ሁሉ ደህና ነው ብዬ መለስሁ፤ ያኔ ደህና ነበር። ድርጅቱ ለምን ይጠይቀኛል? ሰነድ ተጭበርብሮ ከእኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ለራሴ "ለልጄ ብዬ ነው" አልሁ። አባቷ በዓባይ በረሃ ሽቅብ ቁልቁል የሚል ሹፌር ነው፤ አንድ ቀን አንድ ነገር ቢሆን ልጄ ምን ይውጣታል አልሁ። ደህና ምክንያት ነው አይደል? ለልጄ ብዬ ቢሆን ኖሮ ግን የምጽፈው የልጄን ስም ነበር። ለልጄ ብዬ ቢሆን ኖሮ አስረድቼ አስፈርመው ነበር፤ ለብርቱካን ነው ብለው በሁለት እጁ ይፈርም ነበር። አላስረዳሁትም፤ ምክንያቱም የፈለግሁት መሬቴን ነበር። ከመኪናው ካልተመለሰልኝ ከሹፌሩ ሬሳ ይመለስልኝ አልሁ።

እንዲህ ያለ ውል የገባ ሰው ምን እንደሚሆን ላጫውታችሁ። መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ክፍያውን ይከፍላል፣ ይረሳዋል። ቀስ እያለ ግን ጆሮው ይለወጣል። ጭጋግ በወረደ ጠዋት፣ አስፋልቱ በራሰ ቁጥር፣ የማይታወቅ ስልክ ሲደውል ጆሮው ይቆማል። ብርቱካን "አባዬ ዛሬ በረሃውን ይወርዳል" ስትለኝ፣ እናት የምትለውን "በሰላም ይግባ" እላለሁ፤ ውስጤ ግን ሌላ ይላል።

አንድ ቀን አንድ የማውቀው ሹፌር ደወለልኝ። "እታለም፣ በረሃው ላይ ከሰል የጫነ አይሱዙ ተገልብጧል፤ ሹፌሩ አልተረፈም፤ የእናንተ አካባቢ ታርጋ ነው ይላሉ" አለኝ። ስልኩን አስቀመጥሁና በሬን ዘጋሁ። አላለቀስሁም። ልጄን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል ብዬ አሰብሁ፣ ቀጥዬ ምን ጥቁር ልብስ እንዳለኝ አሰብሁ፣ ቀጥዬ የሚሸጥ መሬት እንዳለ የሰማሁበትን ሰፈር አሰብሁ። ወደ ማታ ሟቹ ሌላ ሰው መሆኑ ታወቀ። ዳኛቸው ደህና ነበር፤ ለልጁ ሙዝ ይዞ እየመጣ ነበር። እኔ ምን ተሰማኝ? ቀረብኝ አልሁ። ቀረብኝ! ይህንን ቃል በልቤ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፣ ሰይጣን መድን አይሸጥም።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ ዳኛቸው ብርቱካንን ሊያይ መጣ። ስገባ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ በመጀመሪያ አላወቅሁትም። ጉንጩ ገብቷል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አብጅቷል። ብርቱካን ውሃ ታቀርብለታለች፣ ይጠጣል፣ ደግሞ ይጠይቃል፣ ማሰሮው አለቀ። በእንጅባራ ሐምሌ፣ ሰው እሳት ዳር በሚኮራመትበት ብርድ፣ ማን እንዲህ ይጠማዋል? ብርቱካን ስትወጣ ጫማውን አውልቆ እግሩን አሳየኝ። አውራ ጣቱ ላይ ቁስል አለ፤ ዳር ዳሩ ጠቁሯል።

"አዲስ ጫማ ላጠኝ። ይኸው ስንት ሳምንቱ፣ አልድን አለ" አለኝ። "የሚገርመኝ ደግሞ አያመኝም።"

"ምንም?"

"ምንም። ማታ ማታ ለሽንት እየተነሣሁ ዕንቅልፍ የለኝም፤ እሱ ነው ያደከመኝ። አንቺ ሰውን ስለ ጤናው ስትጠይቂ ነው የምትውይው፤ ምን ይመስልሻል? ጥሩወርቅ ሐኪም ቤት ካልሄድህ ብላ ይዛኛለች።"

አወቅሁት። ጥማቱን፣ ሽንቱን፣ መክሳቱን፣ የማይድነውን ቁስል፤ የጤና ጥያቄዎችን በየቀኑ ለደንበኛ የማነብ ሴት እንዴት አላውቀውም? ስኳር ነው። ሕክምና እንዳለው አውቃለሁ። ቁስል ከዘገየ ምን እንደሚያመጣም አውቃለሁ። ሌላም ነገር አውቃለሁ፤ ውሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሰው ከሞተ ድርጅቱ ይመረምራል፤ ሐኪም ቤት በስሙ የተጻፈ በሽታ ካገኘ ነገሩ ይበላሻል። ዳኛቸው ዛሬ ሐኪም ቤት ቢሄድ ስኳሩ ይጻፋል። ዳኛቸው ባይሄድ አይጻፍም።

ይህን ሁሉ ያሰብሁት እግሩን እያየሁ ነው። ጊዜ አልፈጀብኝም።

"የከሰሉ አቧራና የሞተሩ ሙቀት ነው" አልሁት። "ሐኪም ቤት ከገባህ አስተኝተው ይይዙሃል፤ መኪናው ቆሞ ይከርማል። ቁስሉን በጨው ውሃ እጠበው። ጫማውን ቀይር።"

ፊቱ በራ። "እኔም እንደዚያው ነበር ያልሁት! ሴትዮዋ ናት የምታስጨንቀኝ። ስመኝ እንዲህ አለችኝ እላታለሁ፤ አንቺ ካልሽ ዝም ትላለች።"

ደስ አለኝ። ይህን ሳልናገር ባልፍ የተናዘዝሁት ግማሹን ይሆናል። ከገንዘቡ ሌላ ደስ ያለኝ ነገር ነበር፤ የእሷን ቃል ትቶ የእኔን መያዙ። ባሌን የወሰደችብኝ ሴት ሂድ እያለችው፣ እኔ አትሂድ አልሁት፤ እኔን ሰማ። አሸነፍኋት ብዬ አደርሁ። እሷ ልታድነው ነበር፤ እኔ የምታገለው ከማን ጋር ነበር?

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጥሩወርቅ ደወለችልኝ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ደውላልኝ አታውቅም።

"እትዬ ስመኝ፣ ጥሩወርቅ ነኝ፤ እባክዎ አይዝጉብኝ" አለች፤ ታለቅሳለች። "ወደቀብኝ። ጋሪ ላይ ጭነን ጤና ጣቢያ አደረስነው፤ ባሕር ዳር ይሂድ አሉን። እግሩ ጠቁሯል እትዬ፣ ሽታው... ለብርቱካን እንዴት እንደምነግራት አላወቅሁም።"

ሄድሁ። ብርቱካንን ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድሁ። እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ እኔንና ጥሩወርቅን አቁሞ፣ "ስኳሩ ብዙ ቆይቷል። ከወር ከሁለት ወር በፊት አምጥታችሁት ቢሆን ጣቱን አክመን እንመልሰው ነበር" አለን። ጥሩወርቅ ዞር ብላ አየችኝ። አሁን ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ዳኛቸው "ስመኝ አያስፈልግም አለች" ብሎ ነግሯታል፤ ታውቃለች። እሷ ግን እጄን ያዘችኝ።

"አይጸጸቱ እትዬ" አለችኝ። "እርስዎ ሐኪም አይደሉ። በምን ያውቁታል?"

በምን ያውቁታል! እጄን ከእጇ አላወጣሁም።

ሆስፒታል እየተፈራረቅን አስታመምነው፤ ቀን እኔ፣ ማታ እሷ። አጠብሁት፣ አገላበጥሁት፣ አጎረስሁት። ያየ ሁሉ ተደነቀ። ሰምታችሁ እንዳታዝኑልኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልጋው አጠገብ የተቀመጥሁት ሁለት ሴት ነበርሁ። አንዷ እንዲተርፍ ትፈልጋለች። ሌላዋ ትንፋሹን ታዳምጣለች። አንድ ቀን ትኩሳቱ ሲበርድለት ዐይኑን ገለጠ፤ መጀመሪያ በአዊኛ እናቱን ጠራ፣ ከዚያ እኔን ሲያይ፣ "ብርቱካን ትምህርቷን ትታ ነው የመጣችው?" አለኝ። ያቺ ሌላዋ ሴት ከዚያን ቀን በኋላ ዝም አለች። ሞተች ግን አልልም።

መስከረም ላይ የመድኑ ዓመታዊ ክፍያ ደረሰ። አልከፈልሁም፤ ውሉ ወደቀ። ጸጽቶኝ ነው ልላችሁ ብችል ደስ ባለኝ። ያቋረጥሁት ከእንግዲህ ስለማይጠቅመኝ ነው፤ በሽታው ተጽፏል፣ ሁለት ዓመቱ አልሞላም፣ ዳኛቸው ቢሞትም ድርጅቱ እንደማይከፍል አውቃለሁ። ጸጸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ገንዘቡ መቅረቱን ካረጋገጥሁ በኋላ።

መኪናው ተሸጠ። ዳኛቸው በክራንች ዳንግላ ቀረ፤ ጥሩወርቅ ምግብ ቤቷን እየሠራች፣ እሱ ሒሳብ እየተቀበለ ይኖራሉ። እኔ ደግሞ የተመሰገንሁ ሴት ሆንሁ። በማኅበር ላይ ሴቶቹ ለልጆቻቸው ምሳሌ ያደርጉኛል፤ "ጥሏት ለሄደ ባሏ ሽንቱን የጠረገች" ይላሉ። ከዓመታት በኋላ ብርቱካን ስትዳር ዳኛቸው በክራንቹ ተደግፎ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ሲል፣ "ልጄ፣ እንደ እናትሽ ሁኚ" ብሎ መረቃት። ሰው እልል አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው።

በሠርጓ ዓመት በዐቢይ ጾም ለነፍስ አባቴ፣ "አባ፣ በፈታሁት ባሌ ላይ ቂም ይዤ ነበር" ብዬ ተናዘዝሁ። "አሁንስ ይዘሻል?" አሉኝ። "አልያዝሁም።" ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድሁ፤ ጨረስሁ። ጉልበቴ ብርቱ ነው። ለትንሹ ኃጢአት ንስሐ ገብቼ ትልቁን በሻንጣዬ ይዤው ተመለስሁ። እግዚአብሔርን እንደ ድርጅቱ ያየሁት ይመስለኛል፤ ካልጠየቁኝ አልናገርም።

እንዲህ ሆኜ እሞት ነበር። ያናገረኝ ሌላ ሳይሆን የዳኛቸው ሁለተኛው እግር ነው።

ዘንድሮ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ጥሩወርቅ ደወለች። አሁን እንደ እኅት ነን።

"እትዬ፣ የቀረው እግሩ ቆስሏል" አለችኝ። "ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ አንዱን ወስደውብኛል፣ ሁለተኛውን አልሰጥም ይላል። ያን ጊዜ የስመኝን ምክር ሰምቼ ባልሄድ ኖሮ በሁለት እግሬ እቆም ነበር ይለኛል። እርስዎ ካልነገሩት አይሰማም።"

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ያለንን እሱ አልሰማም ነበር። ጥሩወርቅ እንዳይከፋው ብላ፣ እኔ ደግሞ ስለሚበጀኝ፣ አልነገርነውም። ስለዚህ ዳኛቸው እስከዚያ ሰዓት ድረስ ትክክሏ እኔ፣ ጥፋተኛው ሆስፒታሉ ነው ብሎ ያምን ነበር። የዚያን ቀን ውሸቴ አልሞተም፤ ዳንግላ ተቀምጦ ሁለተኛውን እግር እየበላ ነበር።

በማግስቱ ሄድሁ። ግቢ ውስጥ ጥላ ስር ተቀምጧል፤ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሲያየኝ ሳቁን ለቀቀው። ጥሩወርቅን "እስቲ ለብቻችን ተይን" አልኋት፤ ልመክረው መስሏት ደስ ብሏት ወደ ምግብ ቤቷ ሄደች።

"ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ" አልሁት።

"አንቺ ደግሞ! ያኔ አትሂድ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እውነትሽን ነበር።"

"ውሸቴን ነበር።"

"ምኑ?"

"አቧራ አልነበረም። ስኳር መሆኑን አውቄ ነበር። ብትሄድ እግርህ እንደሚድን አውቄ ነበር።"

ሳቁ ገና ፊቱ ላይ ነበር፤ የሚያደርገው ጠፍቶት። ሁሉንም ነገርሁት። የፈረመበትን ወረቀት፣ ሚስት ብዬ መጻፌን፣ በረሃው ላይ የተገለበጠውን መኪና፣ ቀረብኝ ማለቴን፣ ቁስሉን እያየሁ ያሰብሁትን፣ ጥሩወርቅ ኮሪደሩ ላይ እጄን መያዟን። አልተቻኮልሁም፤ አላለቀስሁም፤ ለደንበኛ ውል እንደማስረዳ አንድ በአንድ ነገርሁት። እሱ እጁን የተቆረጠው እግሩ ጫፍ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ውጭ ጋሪ አለፈ።

"ስንት ነበርሁ?" አለኝ።

"ምን?"

"ብሞት ስንት ይሰጡሽ ነበር?"

ነገርሁት።

"ከመኪናው ያንሳል" አለ።

"ያንሳል።"

ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገረኝ። ከእሱ ጋር ስኖር ቋንቋውን ለምጄዋለሁ፤ ያለኝን በሚገባ ሰምቻለሁ፤ ለእናንተ ግን አልተረጉመውም፤ የእኔ ብቻ ነው። አማርኛው ሲመለስለት፣ "ለጥሩወርቅ እኔ አልነግራትም፤ እጅሽን ይዛ ነበር፤ ታፍራለች" አለ። "ለብርቱካን ግን የራስሽን ነገር ራስሽ ንገሪያት። ከእኔ አፍ አትሰማውም።"

"እሺ።"

ክራንቹን ሳበ። ልደግፈው እጄን ስዘረጋ በዐይኑ መለሰኝ።

"በይ ባጃጅ ጥሪልኝ፤ ወደ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ" አለ። "አንቺ ግን አብረሽኝ አትሄጂም።"

ባጃጁን ጠርቼለት፣ ሲሄድ ዳር ቆሜ አየሁት። ሂድ የምትለዋን አንዲት ቃል ያልሁት ይህን ሁሉ ዘመን ዘግይቼ ነው። ሁለት ጣቱን ቆረጡት፤ እግሩ ግን ተረፈ። ይህንንም የነገረችኝ ብርቱካን ናት፤ አባቷ ለምን ስልኬን እንደማያነሣ ግራ ገብቷታል። ነገ ቤቷ ሄጄ እነግራታለሁ። ልጇን ታቅፌ አልነግራትም፤ መጀመሪያ ሕፃኑን ከእጄ እንድትወስድ አደርጋለሁ፤ ከዚያ እነግራታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን ዳኛቸው አንድ ጊዜ ደወለ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሰላምታ የለውም።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚያ ሐምሌ፣ እቤትሽ ተቀምጬ ምን ይመስልሻል ስልሽ፣ ሂድ ብትይኝ ኖሮ ዛሬ ሁለት እግር ይኖረኝ ነበር?"

ብዙ የምለው ነበረኝ። ማን ያውቃል ልለው እችል ነበር። ስኳር ክፉ ነው፣ ሐኪምም ይሳሳታል፣ አንተም ከዚያ በፊት ዘግይተህ ነበር ልለው እችል ነበር። ሰው ሳሳምን የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ዳኛቸውንም ማሳመን አያቅተኝም።

"አዎ" አልሁት።

"ከአንቺ አፍ ልሰማው ብዬ ነው" አለና ዘጋው።

እናንተን ማሩኝ አልላችሁም፤ የተቆረጠው የእናንተ እግር አይደለም። ማረኝ የምለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ስልኩን ዘግቷል።